የጭስ አላርሙ ቡና ሲቆላ ቢጮኽ ድንጋዩን አታውጪበት

እህታችን ከደብረ ማርቆስ ስለጠየቀችው የጭስ አላርም ነው። ወንድሟ ከአሜሪካ ልኮላት ሳሎን ኮርኒስ ላይ ሰቀለችው። ቡና በቆላች ቁጥር ይጮኻል። ሌሊት ደግሞ በየደቂቃው ጭው ይላል። ሲያስመርራት የባትሪ ድንጋዩን አውጥታ ቡፌ ላይ አስቀመጠችው። አሁን «ይሠራ እንደሆነ በምን ልወቅ፣ እንዴትስ ልያዘው?» ትላለች።

እታለም፣ ከሁሉ በፊት ድንጋዩን መልሺበት። ድንጋይ የሌለው አላርም ኮርኒስ ላይ ቢሰቀል ቡፌ ላይ ቢቀመጥ ያው ነው። እኔ ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ ጥገና ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። በየመኝታ ክፍሉ ያሉትን አላርሞች መፈተሽና ማጽዳት የእኔ ሥራ ነበር፣ ቤቴም ሰቅያለሁ። ያየሁት ነገር ቢኖር አላርም የሚያስቸግረው አብዛኛውን ጊዜ ስለተበላሸ ሳይሆን ቦታው ስላልተስማማው፣ አቧራ ስለገባበት ወይም ድንጋዩ ስለደከመ ነው። ሦስቱም መላ አላቸው።

ከሌሊቱ ጩኸት ልጀምር። በየ30 ወይም በየ60 ሰከንዱ ጭው የምትለዋ አጭር ድምፅ እሳት አለ ማለት አይደለችም። ድንጋዩ ደክሟል፣ ወይም ዕቃው ራሱ ዕድሜውን ጨርሷል ማለት ነው። ለምን ሌሊት ብትዪ፣ ብርዱ ነው። ድንጋይ ሲበርደው ጉልበቱ ይወርዳል፣ የማርቆስን የንጋት ብርድ ደግሞ ለአንቺ አልነግርሽም። ቤቱ ሲሞቅ ዝም የሚለው ለዚህ ነው፤ ዝም አለ ብለሽ ግን አትተዪው፣ አዲስ ግዢለት። ብዙዎቹ የሚወስዱት ባለ 9 ቮልቱን አራት ማዕዘን ድንጋይ ነው። አልካላይን የሚል የተጻፈበትን ምረጪ፣ ርካሹ ቶሎ ይሞታል። ባይጮኽም በዓመት አንዴ ቀይሪው። እኔ ለእንቁጣጣሽ ቤት ሲጸዳ አብሬ ስለምቀይር አይረሳኝም።

የወጣውን ድንጋይ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር እንዳትጥዪው። የዚህ ድንጋይ ሁለት ጫፎች አንድ ጎን ላይ ተጠጋግተው ነው ያሉት። ብረት ሁለቱን በአንዴ ከነካ ይግላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኚያቸው። አንዳንዱ አላርም ድንጋዩ ውስጡ ታሽጎ የመጣ የ10 ዓመት ሊቲየም ነው። እሱ አይከፈትም፣ ሲያልቅ ዕቃው እንዳለ ይቀየራል።

አሁን ገልብጪና ጀርባውን እይው። የተሠራበት ቀን ተጽፎበታል። የጭስ አላርም ዕድሜ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ 10 ዓመት ነው፣ ከገዛሽበት ቀን አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሲሳሳት አይቻለሁ። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 2016 የሚል አይተሽ «ገና አዲስ ነው» እንዳትዪ፣ በእኛ 2008 ወይም 2009 ማለት ነውና በእኛው በ2018 ወይም በ2019 ያበቃለታል። ዕድሜው ካለፈ ድንጋይ ብትቀያይሪለትም ልታምኚው አይገባም።

ፍተሻው ቀላል ነው። ፊቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭነሽ ጥቂት ሰከንድ ያዢው። ሦስት ሦስት ጊዜ እየደጋገመ ጆሮ በሚበጥስ ድምፅ መጮኽ አለበት። በወር አንዴ ይበቃል፣ አዲስ ድንጋይ ባስገባሽ ቁጥርም እንደዚያው። ግን ቁልፉ የሚነግርሽ ድምፁና የውስጥ ኤሌክትሪኩ ደህና መሆኑን ነው። የጭስ መግቢያው በአቧራ ቢደፈን ላይነግርሽ ይችላል። ሆቴል ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የሚረጭ ጭስ ነበረን። ቤት ውስጥ ግን ክብሪት ጭረሽ ወይም የዕጣን ማጨሻ ከሥሩ ይዘሽ እንዳትሞክሪው፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ጥላሸቱም ውስጡ ገብቶ ያበላሸዋል።

ከዚህ ሌላ ማንም የማያደርገው ፍተሻ አለ፣ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የማየው እሱን ነው። ሌላ ሰው ቁልፉን ይጫን፣ አንቺ መኝታ ቤት ገብተሽ በሩን ዝጊና አልጋሽ ላይ ጋደም በዪ። በደንብ ይሰማሻል? እናትሽ ወይም አያትሽ አብረውሽ ካሉ እሳቸውስ ይሰማሉ? ልጆች እንቅልፍ ከያዛቸው በዚህ ድምፅም ላይነቁ ይችላሉ፣ ስለዚህ እነሱን ማን እንደሚቀሰቅስና በየትኛው በር እንደምትወጡ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሌሊት መብራት ሄዶ ሻማ ተለኩሶ እንቅልፍ የሚጥለን ጊዜ ብዙ ነው። ቀን መብራት ሲሄድ ሳይነቀል የተረሳ ካውያም መብራቱ ሌሊት ሲመጣ አብሮ ይግላል።

ጽዳቱ ላይ ብዙ አልልም። በየጥቂት ወሩ በለስላሳ ብሩሽ፣ አዲስ የቀለም ብሩሽም ይሆናል፣ ዙሪያውን ያሉትን ክፍተቶች ጥረጊ። የሸረሪት ድርና ትንንሽ ነፍሳት ውስጡ ይገባሉ፣ ባሕር ዳር ከሐይቁ የሚመጡት ደቃቅ ዝንቦች ብዙ ያሠሩን ነበር። ውኃ አይንካው። ፍሊት አጠገቡ አይረጭ። ለፋሲካ ቤት ስታስቀቢ ሸፍኚው ወይም አውርጂው፣ ቀለም ከነካው አለቀለት።

ወደ ቡናው እንምጣ። ቡና መቁላት፣ ዕጣን ማጨስ አይቀርም፣ አላርሙ ነው ቦታ መቀየር ያለበት። ከምድጃና ከምጣድ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ያለሽ አንድ ብቻ ከሆነ ከሳሎን አውጥተሽ የመኝታ ክፍሎቹ በር ላይ፣ ኮሪደር ካለሽ ኮሪደሩ ላይ ስቀዪው። ግድግዳ ላይ ከሆነ ከጣሪያው ከ10 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ከሆነ ቆርቆሮው ላይ አትለጥፊው፣ ቀን ፀሐይ ሲመታው ከሚችለው በላይ ይግላል። የአቡጀዲ ኮርኒስም አይዘውም፣ እንጨቱን ፈልገሽ እሱ ላይ እሰሪው። ዓይነቱም ልዩነት አለው። አሜሪሲየም የተባለ ነገር በጥቂቱ ያለበት አዮናይዜሽን የሚባለው ዓይነት ነበልባል ቶሎ ይይዛል፣ ግን በማድ ቤት ጭስ በትንሹም ይጮኻል። ፎቶኤሌክትሪክ የሚባለው በብርሃን ነው የሚሠራው። ቀስ ብሎ የሚጨሰውን፣ ፍራሽ ወይም ሶፋ ውስጥ የሚብላላውን እሳት ቀድሞ ያገኛል። ቡና ለሚቆላበት ቤት ይኼኛው ይሻላል። ብዙዎቹ ለጥቂት ደቂቃ ዝም የሚያሰኝ ቁልፍም አላቸው። እሱን ተጫኚ እንጂ ድንጋይ አታውጪ።

ወንድምሽ የላከው ሽቦ ያለው፣ ከቤት መብራት ጋር የሚገናኝ ከሆነ ግን እንዳታገናኚው። የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ይቃጠላል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ይህ ዕቃ የከሰል መርዝ አያውቅም። ብርድ ነው ብሎ ፍም የሞላ ምድጃ መኝታ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ የሚተኛ ሰው አገራችን ብዙ ነው። ፍሙ ጭስ ስለሌለው ደህና ይመስላል፣ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፣ በእንቅልፍ ላይ እንዳለን ይገድላል። ለእሱ ራሱን የቻለ ሌላ አላርም አለ፣ እሱ አራት አራት ጊዜ ነው የሚጮኸው። ወንድምሽ ሌላ ዕቃ ልላክ ካለ እሱን ይላክልሽ። እሱ ቢመጣም ባይመጣም ግን ከሰል ከመኝታ ቤት ይውጣ።

በይ አሁን ጀርባውን አንብቢና ዓይነቱንና ዓመቱን ጻፊልን፣ ፎቶ ብትለጥፊ ደግሞ የተሻለ ነው። የቤትሽንም አሠራር ንገሪንና የት እንደሚሰቀል አብረን እናያለን።