ሁለቱን ዓመታት ከሲቪህ አታውጣቸው

የዛሬው ጠያቂያችን የሐዋሳ ልጅ ነው። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ማኔጅመንት እየተማረ ሁለተኛ ዓመቱን እንደጨረሰ ትምህርቱን አቋርጦ፣ በተለምዶ ሞርሞን እየተባለች በምትጠራው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ሚስዮናዊነት በምሥራቅ ኡጋንዳ ገጠር ሁለት ዓመት አገልግሎ በቅርቡ ተመልሷል። በአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ቃለ መጠይቅ ላይ «ሳምንቱን በምን ታሳልፍ ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ «እንሰብክ ነበር» ከማለት ያለፈ መልስ አላገኘም። ጓደኞቹ ሁለቱን ዓመታት ከሲቪው እንዲያወጣ ይመክሩታል፤ እናቱም ጊዜው በከንቱ ያለፈ መስሏቸዋል። የአንድ ሳምንት ውሎውን በዝርዝር ጽፎ ከጥያቄው ጋር ልኮልናል።

ወንድሜ፣ በቃለ መጠይቁ ላይ ያጣኸው መልስ በላክኸው ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሳምንቱን የጻፍኸው እንደ ትዝታ ስለሆነ ግን ቀጣሪ የሚፈልገው ነገር በውስጡ መኖሩን ያስተዋልህ አልመሰለኝም። ስለዚህ ስለ ሲቪው ከመናገሬ በፊት ያንኑ ሳምንት በቀጣሪ ዓይን ላንብብልህ።

ሰኞ የዝግጅት ቀን ነው። ልብስ የሚታጠበው፣ የሳምንቱ አስቤዛ የሚገዛው፣ ቤት የሚጸዳው እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ ሲሆን፣ ከእናትህ ጋር በቪዲዮ ትነጋገር የነበረውም በዚያው ቀን ነው። (ይህ ሳምንታዊ ፈቃድ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩ ሚስዮናውያን የቤተሰባቸውን ድምፅ የሚሰሙት በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ እንደነበር እናትህ ቢያውቁ ምናልባት ትንሽ ይጽናኑ ነበር።) በሌሎቹ ቀናት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ትነሣለህ፤ ከጥናትና ከቋንቋ ልምምድ በኋላ ከተመደበልህ የአገልግሎት ጓደኛ ጋር ትወጣለህ፤ ማታ 3 ሰዓት ገደማ ተመልሰህ 4 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ይጠፋል። ማክሰኞ በአቅራቢያው ከሚያገለግሉት ጋር ስብሰባ፣ ዓርብ የሳምንት ዕቅድ፣ ቅዳሜ ለመንደሩ ወጣቶች የእንግሊዝኛ ትምህርት፣ እሑድ ደግሞ በኪራይ ቤት የሚካሄደው የጥቂት ሰዎች ጉባኤ አለ።

እኔን ያቆመኝ ረቡዕና ሐሙስ ላይ የጻፍኸው ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት እናት ቤት ስትደርሱ ካሳቫ እየነቀለች ስለነበር ስለ ሃይማኖት ሳታነሡ መቆፈሪያ ተቀብላችሁ እስከ ቀትር ረዳችኋት። ማስታወሻ ደብተርህ ላይ የሰፈረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ሐሙስ 9 ሰዓት እንመለሳለን፤ ልጇ ከትምህርት ቤት የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነው፤ የሚያስተረጉምልን እሱ ነው።» በማግስቱ ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጭቃ ሲሆን ብስክሌቱን በትከሻችሁ ተሸክማችሁ በሰዓቱ ደረሳችሁ። አንተ ይህን የጻፍኸው ስለ ሴትዮዋ ደግነት ልትነግረኝ ነበር። የመስክ ሠራተኞችን የሚመራ ሰው ግን የሚያየው ሌላ ነገር ነው፦ ቀጠሮ የሚይዝና የሚጠብቅ፣ የቤተሰቡን ሁኔታ አይቶ ሰዓት የሚመርጥ፣ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ የሚያስብ፣ ያየውንም በዕለቱ የሚመዘግብ ሰው ያያል። በየቀበሌው የሚሰማሩ መረጃ ሰብሳቢዎችን ሥራ ከሚያበላሹት ችግሮች አንዱ ቤቱ ሳይደረስ ቅጹ ዛፍ ሥር መሞላቱ ስለሆነ፣ በጭቃ ውስጥ ተመልሶ የሚሄድ ሰው ዋጋ አለው።

ሁለተኛው ነገር አብሮ መኖር ነው። የአገልግሎት ጓደኛህን የምትመርጠው አንተ አይደለህም፤ ዝውውር በየስድስት ሳምንቱ ሊመጣ ይችላል፤ እስከዚያ ግን ከተመደበልህ ሰው ተለይተህ አትውልም፣ አታድርም። ከዚምባብዌያዊው ጓደኛህ ጋር ስለ ወጥ ቤትና ስለ ገንዘብ አያያዝ ተጋጭታችሁ እንደነበርና በየሳምንቱ ዕቅድ መጨረሻ ላይ ቅሬታችሁን ፊት ለፊት እንድትነጋገሩ የሚያዘው ደንብ እንደረዳችሁ ጽፈሃል። ቃለ መጠይቅ አድራጊዎች ከሥራ ባልደረባህ ጋር ተጋጭተህ ታውቃለህ ወይ ብለው መጠየቅ ይወዳሉ፤ አብዛኛው አመልካች «ከሰው ጋር ተጋጭቼ አላውቅም» ይላል፤ ማንም አያምነውም። አንተ ግን እውነተኛ መልስ አለህ፤ በሦስት ዓረፍተ ነገር ተዘጋጅበት። በመጨረሻው ግማሽ ዓመት አዲስ መጪ ሚስዮናዊ ለ12 ሳምንት አሠልጥነህ ከነበረም፣ ደብዳቤህ ያለፈው ቢሆንም ሲቪው ግን ሊያልፈው አይገባም።

አሁን ወደ ሲቪው እንምጣ። ሁለቱን ዓመታት ብታወጣቸው በ20 እና በ22 ዓመት ዕድሜህ መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ባዶውን የሚያይ ቀጣሪም ከእውነቱ የባሰ ነገር ይገምታል። ስለዚህ አይውጡ። ግን «የሥራ ልምድ» በሚለው ርዕስ ሥር አታስገባቸው፤ ደመወዝ አልተከፈለህም፣ የሥራ ግብርም ጡረታም አልተቆረጠም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከግል ድርጅት በሚመጣ የልምድ ደብዳቤ ላይ ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ማረጋገጫ እንደሚጠይቁ በማስታወቂያዎቻቸው ላይ ታገኘዋለህ፤ የአንተ አገልግሎት ይህን ሊያሟላ ስለማይችል ለእነሱ ስታመለክት 0 ዓመት ልምድ ያለህ ሰው ነህ፤ በዚህ አትከራከር። «የበጎ ፈቃድ አገልግሎት» የሚል የራሱ ርዕስ ስጠው፤ የቤተክርስቲያኗን ስም በሙሉ፣ አገሩንና ዓመቱን በአንድ መስመር ጻፍ፤ ከሥሩ ሥራውን ብቻ ግለጽ፦ በገጠር ቤት ለቤት እየተዘዋወሩ ጉብኝት ማድረግና መመዝገብ፣ ሳምንታዊ ዕቅድና ሪፖርት ማዘጋጀት፣ ለወጣቶች እንግሊዝኛ ማስተማር፣ አሠልጥነህ ከነበረም አዲስ አገልጋይ ማሠልጠን። ስንት ሰው እንዳጠመቅህ የሚገልጸው ቁጥር ግን ለሲቪ የሚሆን አይደለም።

ቋንቋን በተመለከተ፣ ባገለገልህበት በምሥራቅ ኡጋንዳ የሚነገረውን ሉሶጋን አንሥተህ «ሉሶጋ አቀላጥፌ እናገራለሁ» ብለሃል፤ አስተርጓሚ ልጅ ያስፈለጋችሁ ከሆነ ግን ይህ አባባል በመጀመሪያው ጥያቄ ይፈርሳል። «ለዕለት ተዕለት መግባቢያ» ማለቱ ይበቃል። ከዚህ ይልቅ ያስገረመኝ ሲዳምኛ አፍህን የፈታህበት ቋንቋ መሆኑን በደብዳቤህ መጨረሻ ላይ በአንድ ሐረግ ማለፍህ ነው። በክልሉ ወረዳዎች ለሚሠራ ማንኛውም ድርጅት ሲዳምኛ፣ አማርኛና በሁለት ዓመት የተሻሻለ እንግሊዝኛ በአንድ ሰው ላይ መገኘታቸው ከሉሶጋው እጅግ የሚበልጥ ስለሆነ የቋንቋው ክፍል በዚያ ይጀምር።

ቃለ መጠይቁ ላይ የሚመጣውን ከባዱን ጥያቄም አስብበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በሃይማኖት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል፤ እምነትህን ለመከላከልም ሆነ ለማስረዳት አትገደድም። ሆኖም ግብረ ሰናይ ድርጅት ሌላ ተገቢ ስጋት ሊኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ንቅናቄና የእርዳታ ድርጅቶች የተስማሙበት የሥነ ምግባር ደንብ፣ እርዳታ የአንድን ሃይማኖት ወይም ፖለቲካ አቋም ለማራመድ መዋል እንደሌለበት ይደነግጋል። ሁለት ዓመት የሰበከ ወጣት ስንዴ ወይም የውኃ ማጣሪያ ሲያድል ይሰብክ ይሆን ብለው ቢጠይቁህ አትከፋ። እነሱ ሳይጠይቁህ አንተው ብታነሣው የተሻለ ነው፦ «ያኔ የተላክሁት በቤተክርስቲያን ስም ነበር፤ እዚህ ግን የምመጣው በድርጅቱ ስም ነው፤ በሥራ ሰዓት ስለ እምነት አልናገርም፤ ተጠቃሚ ስለ እምነቴ ቢጠይቀኝም ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።» ይህን ከልብህ ልትለው የማትችል ከሆነ ግን ይህን ዓይነቱን ሥራ አትወዳደር፤ የሆቴል እንግዳ ተቀባይነት ወይም የሽያጭ ሥራ ይሻልሃል።

ለጊዜው ዲግሪ ስለሌለህ ለዲግሪ በወጣ ማስታወቂያ ላይ ጊዜህን አታጥፋ። ልትወዳደርባቸው የሚገቡት የጥናት መረጃ ሰብሳቢነት፣ የወረዳ ማኅበረሰብ አደራጅነትና በብድርና ቁጠባ ተቋማት የደንበኛ ክትትል ሥራዎች ናቸው። የመጨረሻው በተለይ ለአንተ ቅርብ ነው፤ የብድር ሠራተኛው ሳምንቱን የሚያሳልፈው ተበዳሪ ቡድኖችን በየቤታቸው እየዞረ በመጎብኘት፣ ያልመጣውን በመፈለግና ማታ በመመዝገብ ነው፤ በሩን ሲያንኳኳ ሁልጊዜ በደስታ አይቀበሉትም፤ አንተ ደግሞ በር ሲዘጋብህ ለሚቀጥለው በር ፈገግ ማለትን ሁለት ዓመት ተለማምደሃል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሠራተኛ አስተዳደር ረዳትነት ሲወጣም ሞክር፤ ከልዩ ልዩ አካባቢ ከመጡ ወጣቶች ጋር መኖርን ታውቅበታለህ።

ይህ ሁሉ ግን ከትምህርትህ በታች ነው። ሁለት ዓመት የቀረው ዲግሪ ተንጠልጥሎ መተው የለበትም፤ ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወደ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ሄደህ ስትወጣ የሞላኸውን የዊዝድሮዋል ቅጽ ይዘህ የመመለሻ ማመልከቻ የሚቀበሉበትን ቀን ጠይቅ፤ ቅጽ ሳትሞላ ወጥተህ ከነበረ ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጀምር። ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሮ ከሆነ የትኞቹ ኮርሶች እንደሚያዙልህ በጽሑፍ አስወስን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና እንደሚወስድ አትርሳ። ቤተክርስቲያንህ በኢንተርኔት የምትሰጠው የፓዝዌይ ትምህርት ዋጋው ዝቅ ያለ ስለሆነ እንደሚያማልልህ ጽፈሃል፤ ከመመዝገብህ በፊት ከውጭ ተቋም በኦንላይን የሚገኝ ዲግሪ አቻ ግምት ስለሚያገኝበት ሁኔታ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቅ፤ እስከዚያው ግን የጀመርኸውን ዲግሪ በዚህ አትለውጠው። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤተክርስቲያኗ ለተመለሱ ሚስዮናውያን የምታበድረው የትምህርት ፈንድም አለ፤ ለአንተ ይፈቀድ እንደሆነ የቅርንጫፍህን መሪ ጠይቅ፤ ብድር ስለሆነ ግን የመክፈያውን ውል በጥንቃቄ አንብብ።

አንድ የሚያስቸኩል ነገር ቀርቷል። በአገሩ ያሉትን ሚስዮናውያን የሚመሩት የሚስዮኑ ፕሬዚዳንት የሚያገለግሉት ለሦስት ዓመት ብቻ ስለሆነ አንተን የሚያውቁህ ሰው በቅርቡ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ይችላሉ። ከመሄዳቸው በፊት ጻፍላቸው፤ ያገለገልህበትን ጊዜ፣ የነበርህበትን አካባቢና ያሠለጠንኸው ሰው ካለ እሱንም የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይላክልህ። ስለ መልካም ጠባይህ ከሚጻፍ ሙሉ ገጽ ይልቅ በየሳምንቱ ሪፖርት በወቅቱ ታቀርብ እንደነበር የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲያስገቡበት ለምናቸው፤ የስልክና የኢሜይል አድራሻቸውንም ለምስክርነት እንድትጠቀምበት ፈቃዳቸውን ጠይቅ።