ቢኖኩላር ከማንሳት በፊት ጥላን ማየት

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ሆራ ሐይቅ ዳር ወፎችን በቢኖኩላር ማየት ይወዳል። ከትናንት በስቲያ የሚያንዣብብ አሞራ ሲከተል ቢኖኩላሩ ፀሐይዋ ላይ አረፈበት። ዓይኑ አነባ እንጂ «አላመመኝም» ይላል። ልተወው? ቢኖኩላሩንስ ልቀማው? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ አለማመሙ አያስተማምንም። ቃጠሎው የሚያርፍበት የዓይን ጀርባ ሽፋን፣ ሬቲና፣ ሕመም አይሰማውም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ እይታ ሲደበዝዝ ነው። ዛሬውኑ ይፈትኑት። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ገልጠው መሐሉ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ ያድርጉ፣ ከፊቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቀው ይያዙለት። አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ነጥቧን ትኩር ብሎ ይመልከት፤ ቀጥሎ በሌላው። ሁለቱንም ከገለጠ ፈተናው ከንቱ ነው፤ ደህናው ዓይን የተጎዳውን ይሸፍንለታል። ነጥቧ ከጠፋችው፣ መስመሮቹ ከተጣመሙ ወይም ግራጫ ነገር ካጠላባቸው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ዓይን ሐኪም ይውሰዱት። ከፋርማሲ ጠብታ ገዝቶ መጨመር ግን ይቅር፤ ይህን ቃጠሎ የሚያድን ጠብታ የለም። ብዙዎች በሳምንታት ወይም በወራት ይሻላቸዋል፣ ጠባሳው የማይለቃቸውም አሉ።

ቢኖኩላሩን አይቀሙት፤ ጥላውን ማየት ያስተምሩት። ጥላው ወደወደቀበት አቅጣጫ ካነጣጠረ ፀሐይ ከጀርባው ናት። ጠዋት ወደ ምዕራብ፣ ከሰዓት ወደ ምሥራቅ ማለት ነው። ዛፍ ወይም ጣሪያ ፀሐይዋን በሚጋርድበት ቦታ መቆምም ይበጃል።

አስቸጋሪው አሞራው ነው። አሞራ ሞቃት አየር ተሸክሞት የሚዞረው ፀሐይ በምትከርበት ሰዓት ነው፤ ክቡን በቢኖኩላር የተከተለ ልጅ ሳያውቀው ፀሐይዋ ላይ ይደርሳል። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ አናት ላይ ናት። አሞራን በባዶ ዓይን ይከተል፣ ከፀሐይ ሲርቅ ብቻ ያንሳ። ክንዱን ሲዘረጋ ጭብጡ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ከፀሐይ በ3 ጭብጥ ውስጥ ያለ ወፍ ይለፈው። 10 እጥፍ የሚያቀርብ ቢኖኩላር የፀሐይን ምስል ሬቲና ላይ በስፋት 100 እጥፍ ያደርገዋል፤ ትንሽ ነጥብ ሙቀቷን ወደ ዙሪያዋ ታካፍላለች፣ የሰፊው ምስል መሐል ሙቀት ግን መውጫ የለውም። ጥቁር መነጽር መደረቡም አያድንም።

ጥያቄ፦ ሐምሌ 26 ቀን 2019 የፀሐይ ግርዶሽ በሳፋ ውኃ ውስጥ ብናይስ? (ከጅዳ)

መልስ፦ አይሆንም። ውኃ ከላይ የሚመጣውን ብርሃን 2 በመቶ ያህል ይመልሳል፤ አስተማማኝ የግርዶሽ መነጽር የሚያሳልፈው ቢበዛ 0.0032 በመቶ ነው። ልዩነቱ ከ600 እጥፍ በላይ ነው። የራጅ ፊልምም አይሁን። ቁጥር 14 የብየዳ መስታወት ይሆናል። እሱም ከጠፋ ካርቶን በመርፌ በስታችሁ ለፀሐይ ጀርባ ስጡ፣ ብርሃኑን ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉትና ወረቀቱን እዩ።