ባሕር ማዶ የቀመስኩት ምን ነበር? ጥያቄና መልስ ከለገጣፎ

ቤይሩት ውስጥ በአንድ ጣፋጭ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ፣ አሁን ለገጣፎ ውስጥ ኬክ እየጋገርኩ እኖራለሁ። ከውጭ የተመለሰ ደንበኛ ሁሉ «አንድ ነገር ቀምሼ ነበር፤ ስሙ ግን ጠፋኝ» ይለኛል። እስቲ ዛሬ ጠይቁኝ። ብቻ «ይጣፍጣል» አትበሉኝ፤ ስኳር የገባበት ሁሉ ይጣፍጣል። ከቤታችሁ ምኑን እንዳስታወሳችሁ ንገሩኝ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ባለቤቴን ለማሳከም ባንኮክ ሄደን ሳለ አረንጓዴ፣ ድርብርብ፣ እንደ ጄሊ የሚለጠልጥ ነገር በላሁ። ናና መስሎኝ ነበር፤ ስቀምሰው ግን ትኩስ ሩዝ ሩዝ ይላል። (ከሰበታ)

መልስ፦ ባለቤትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። የበላኸው ካኖም ቻን ይባላል፤ ጣዕሙ የፓንዳን ቅጠል ነው። አፍንጫህ አላታለለህም፤ ፓንዳንንና ባስማቲ ሩዝን እንዲያ የሚያሸታቸው አንድ ዓይነት ውህድ ነው። ቅጠሉ ይፈጭና ይጨመቃል፤ ጭማቂው ከኮኮናት ወተት፣ ከካሳቫ ዱቄትና ከስኳር ጋር ተለውሶ በእንፋሎት ንብርብር እየተደረገ ይበስላል። እንቁላልም የላም ወተትም የለበትም፤ ለጾም ይሆንሃል። በጠርሙስ የሚሸጠውን የፓንዳን ማጣፈጫ ካገኘህ በሁለት ጠብታ ተወሰን፤ ከዚያ ካለፈ የሳል ሽሮፕ ይመስላል።

ጥያቄ፦ እኔም ቤይሩት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። እመቤቲቱ የምታመጣው አይስክሬም በማንኪያ ሲያነሡት ይለጠጥ ነበር። ስቀምሰው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የቆምኩ ይመስለኛል። እንዳትስቂብኝ። (ከቡራዩ)

መልስ፦ የት እስቃለሁ፣ ከሁሉም የተሻለ የገለጽሽው አንቺ ነሽ! አይስክሬሙ ቡዛ ነው፣ ሽታው የማስቲክ። ማስቲክ የግሪክ ደሴት በሆነችው በኪዮስ፣ የዛፉ ግንድ ሲበጣ የሚንጠባጠብ ሙጫ ነው። የእኛም ዕጣን የሚገኘው ዛፍ ተበጥቶ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ቢመጣብሽ አይገርምም። ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ያኝኩት ነበር፤ ሱቅ ሄደን «ማስቲካ ስጠኝ» ስንል የምንጠራው የዚህኑ ሙጫ ስም ነው። የኪዮስ ሰዎች የማስቲክ ልማት ሙያ በ2014 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል።

የመለጠጡ ምሥጢር ሳህለብ ነው፤ ኦርኪድ የሚባለው አበባ ሥሩ ተፈጭቶ የሚገኝ ዱቄት። ማስቲኩም ያግዘዋል። ከዚያ የሚቀዘቅዘውን ወተት በረጅም የእንጨት ዘነዘና መውቀጥ ነው፤ ክንድ ይጨርሳል። ሥራ በጀመርኩ ቀን ማስቲኩን ብቻውን ሙቀጫ ውስጥ ከትቼ ወቀጥኩት። እንደ ሰም ተለጠፈ። ሙቀጫውን ስፍቅ ከሰዓት በኋላው አለቀ፤ ባልደረቦቼ በሳቅ ሞቱ። ለካ መጀመሪያ በረዶ ቤት ይቀመጣል፣ ከዚያ ከአንድ ማንኪያ ስኳር ጋር ይወቀጣል፤ ያን ጊዜ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይደቅቃል። ለአንድ ሊትር ወተት ጥቂት ፍንካች ይበቃል፤ ሲበዛ ይመራል።

ጥያቄ፦ እኔው ነኝ። በዕጣን ብተካውስ?

መልስ፦ ተይ እህቴ። ገበያ ያለው ለማጨስ የተዘጋጀ እንጂ ለምግብ የተጣራ አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ስቶክሆልም ልጄን ልጠይቅ ሄጄ የተቋጠረ ጣፋጭ ዳቦ አበሉኝ። ኮረሪማ ነው ስላት «እማዬ፣ እዚህ አገር ኮረሪማ ከየት ይመጣል» ብላ ሳቀችብኝ። (ከሱሉልታ)

መልስ፦ እማማ፣ ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም። የበሉት ሄል ነው። ሄልና ኮረሪማ ሁለቱም የዝንጅብል ቤተሰብ ናቸው፤ ኮረሪማው የእኛ አገር ተወላጅ ነው፣ ሄሉ ከደቡብ ሕንድ። ስዊድኖች ሄሉን ሳያልሙ ይከኩታል፤ ዳቦው ላይ ያዩት ጥቁር ነጠብጣብ እሱ ነው። በኮረሪማ ልጋግር ካሉ መጠኑን በግማሽ ይቀንሱት፤ አለበለዚያ ዳቦው ንጥር ቅቤ ንጥር ቅቤ ይልብዎታል። እኔ እንዲያውም ያን እወደዋለሁ፤ ደንበኞቼ ግን አልወደዱልኝም።

ጥያቄ፦ ዱባይ የፊሊፒን ልጆች ያካፈሉኝ ሐምራዊ ኬክ ምንድን ነው? ቀለም ብቻ ነው? (ከገላን)

መልስ፦ ኡቤ ነው። ወላይታ ቦዬ የሚባለውን የሥር ምግብ በልተህ ታውቃለህ? የእሱ ዘመድ ነው፤ ውስጡ ሐምራዊ የሆነ። ተቀቅሎ ከወተትና ከስኳር ጋር ይማሰላል።

ጥያቄ፦ ፓሪስ «ቫኒላ ነው» ተብዬ የበላሁት ክሬም ድርቆሽ ድርቆሽ ሸተተኝ። የእንጀራውን ሳይሆን የሣሩን። (ከአያት)

መልስ፦ ቶንካ ይመስለኛል፤ የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ጥቁር ፍሬ። ኩማሪን የሚባል ውህድ አለው፤ የታጨደ ሣር ሲደርቅ የሚያውደውም እሱ ነው። ሲበዛ ጉበት ስለሚጎዳ አሜሪካ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከምግብ ጋር እንዳይደባለቅ ከልክላለች። ፈረንሳዮች እንደ ገውዝ ትንሽ ፈቅፍቀው ይነሰንሱታል።

ጥያቄ፦ ኢስታንቡል አውሮፕላን ማረፊያ የበላሁት ቢጫና በጣም ጣፋጭ ነበር። ምን ይሆን? (ከሰንዳፋ)

መልስ፦ በዚህ ብቻማ ጠንቋይም አያውቀው! አንድ ነገር ሞክሪ። አፍንጫሽን ጨብጠሽ ከረሜላ ጉረሺ፤ ጣፋጭነቱ እንጂ ብርቱካን ይሁን እንጆሪ አይለይሽም። ስትለቂው መዓዛው ከጉሮሮሽ ወደ አፍንጫሽ ይወጣል። እኔ የምጠይቅሽ ያንን ነው፤ ስትውጪው ምን መጣብሽ? አበባ? ሙጫ? ቅመም? መጠቅለያው ቦርሳሽ ውስጥ ቀርቶ ከሆነም ይዘሽው ነይ። ከሰኞ በቀር ሁልጊዜ ክፍት ነው።