እናቷ «ድብ ልታግጂ ነው ወይ?» ላሏት ልጅ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት፣ ማታም ተኝቼ ትዝ ሲለኝ ነበር። ሌላው አንባቢም እንዲገባው በአጭሩ ልድገመው። አላስካ፣ አንኮሬጅ ነው ያለሽው፣ 21 ዓመትሽ ነው፣ ነርሲንግ ለመግባት የሚጠየቁትን ክላሶች እየጨረስሽ ነው። ካትማይ የሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ባሕር ዳርቻ ላይ ድብ የሚያስጎበኝ ካምፕ ከጁን መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ረዳት ሆነሽ እንድትሠሪ ጠይቆሻል፣ ከተዋጣልሽ በሚቀጥለው ዓመት ጋይድ ትሆኛለሽ ብለውሻል። እናትሽ ይሄን ሲሰሙ «ድብ ልታግጂ ነው ወይ በዲቪ ይዤሽ የመጣሁት?» አሉና ከዚያ ቀን ጀምሮ አኩርፈዋል። ሌላም አለ፣ ዕቁቡ፣ አዲስ አበባ ላሉት አጎትሽ በየወሩ የምትልኪው ብር፣ ዋና አለመቻልሽ፣ አክሰንትሽ፣ ድቡ ራሱ።

ሁሉንም እነካካለሁ ግን ልቤ የቀረው እቺ «ማገድ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

እኔ ያደግኩት ደባርቅ አካባቢ ነው፣ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ በግ አግጃለሁ፣ ካደግኩ በኋላ ደግሞ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ስድስት ዓመት አስጎብኚ ነበርኩ፣ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እየተመላለስኩ። ሲያትል ስመጣ ያንን ስድስት ዓመት ከሲቪዬ ላይ አወጣሁት። አፍሬ ነው። ፓርኪንግ የሠራሁትን ጻፍኩ፣ ጭላዳና ዋልያ ለሰው ሳሳይ የኖርኩትን ደበቅኩ፣ ምክንያቱም ያገሬ ሰው «አገር ቤት ምን ትሠራ ነበር» ብሎ ጠይቆኝ ስመልስለት ፊቱ ሲቀየር አይ ነበር። በዚህ ምክንያት ሁለት ዓመት የማይሆነኝ ሥራ ላይ ቆየሁ። መልሼ የጻፍኩት ጊዜ ነው ኮሌጅ ውስጥ ተማሪ የማማከር ሥራ ያገኘሁት፣ ኢንተርቪው ላይም ከሌላው ሁሉ የጠየቁኝ እሱን ነው፣ የማታውቃቸውን ሰዎች ይዘህ ተራራ ላይ ስትከርም አንዱ ቢታመም አንዱ ቢፈራ ምን ታደርግ ነበር እያሉ። ስለዚህ እናትሽ እንደ ስድብ የተናገሯት ቃል እኔን አልሰደበችኝም ልልሽ አልችልም፣ ነክታኛለች፣ ለዛም ነው የምመልስልሽ።

አሁን ሥራው ምን እንደሆነ ለእናትሽ እንድታስረጂ ልንገርሽ። ካትማይ ውስጥ ወደ 2,200 ገደማ ቡናማ ድብ አለ ተብሎ ይገመታል። በጁን ባሕሩ ዳር ያለውን ለምለም ሣር እንደ ከብት ሲግጡ ነው የምታያቸው፣ ባሕሩ ሲሸሽ ደግሞ ጭቃው ላይ ወጥተው የተቀበረ ዛጎል እየቆፈሩ ይበላሉ፣ ከዚያ ጁላይና ኦገስት ሳልመን የሚባለው ዓሣ ወደ ወንዝ ሲገባ ሁሉም ወንዙ ዳር ይሰበሰባል። ጎብኚው ከሆመር ወይ ከኮዲያክ በትንሽ አውሮፕላን ይመጣል፣ አውሮፕላኑ ውሃ ላይ ወይ አሸዋው ላይ ነው የሚያርፈው፣ ስለዚህ ባሕሩ ስንት ሰዓት እንደሚሸሽ ስንት ሰዓት እንደሚመለስ በቃልሽ መያዝ አለብሽ። ጋይዷ ሰዎቹን ሰብስባ ታስቀምጣለች፣ አንድ ላይ፣ ዝቅ ብለው፣ ዝም ብለው። ፓርኩ ወደ ድብ ከ45 ሜትር ባነሰ ርቀት መጠጋትን ይከለክላል፣ ግን ድቡ ራሱ ወደናንተ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ ያችን ደቂቃ የምታነቢው አንቺ ነሽ። ማዛጋት ጀመረ? ለሃጩ ተንጠባጠበ? ግልገሎች ያሏት እናት ከየት ነው የመጣችው፣ ነፋሱስ ወዴት ነው? ከብት ያገደ ሰው ይሄ ይገባዋል። በሬ ከመዋጋቱ በፊት ጆሮውና አንገቱ ላይ ይታወቃል፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ይሄን ለማየት ሲዝን ሙሉ ይፈጅበታል። እናትሽም ገጠር ነው ያደጉት ብለሻል፣ ስለዚህ እመኚኝ ያውቁታል፣ እንደውም ካንቺ የተሻለ ጋይድ ይወጣቸው ነበር። ይሄንኑ ንገሪያቸው፣ ለማባበል ብለሽ ሳይሆን እውነት ስለሆነ።

ስለ ፍርሃቱ። ማክኒል ወንዝ የሚባል ካትማይ አጠገብ ያለ የአላስካ መንግሥት ጥብቅ ሥፍራ አለ፣ በቀን ከ10 የማይበልጥ ሰው በሎተሪ ነው የሚገባው፣ ጎብኚዎቹን የሚመሩት የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፣ ይሄ የፈቃድ አሠራር ከ1973 ጀምሮ ሲሠራበት ድብ የጎዳው ጎብኚ የለም። በሌላ በኩል በኦክቶበር 2003 እዛው ካትማይ ካፍሊያ የሚባል ቦታ ሁለት ሰዎች በድብ ሞተዋል፣ ሲዝኑ አልቆ ምግብ በሳሳበት ጊዜ፣ ያለ ኤሌክትሪክ አጥር ድንኳን ተክለው። ሁለቱንም የማነሳልሽ ልዩነቱ ሥርዓት ላይ እንደሆነ እንድታይ ነው። ስለዚህ የምትሄጂበት ካምፕ አጥር አለው ወይ፣ ምግቡ የት ነው የሚቀመጠው፣ የመጀመሪያውን ወር አጠገቤ ቆሞ የሚያሳየኝ ማነው፣ ሰው ቢታመም አውሮፕላን በምን ይጠራል ብለሽ ጠይቂ። ሲመልሱልሽ ከተንተባተቡ አትሂጂ፣ ምንም ያህል ቢያምር።

ገንዘቡ ላይ ግን አንቺንም እናትሽንም ትንሽ ልቆጣ። የላክሽልኝ ሂሳብ ውስጥ ቲፕ ደምረሻል። ቲፕ አይደመርም! አንድ ሳምንት ጭጋግ ሆኖ አውሮፕላን ካልመጣ ቲፕ የለም። በደሞዙ ብቻ አስቢው፣ ለመኝታና ለምግብ ለአውሮፕላኑም ይቆርጡብኝ እንደሆነ ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ፣ የምትቀጠሪው እንደ ሠራተኛ ነው ወይስ እንደ ኮንትራክተር፣ ማለትም ራሱን ችሎ በውል እንደሚሠራ ሰው፣ የሚለውንም፣ ምክንያቱም ኮንትራክተር ከሆንሽ እግርሽ ቢሰበር ማን እንደሚከፍል ያኔ ነው የሚገባሽ። ጥሩው ነገር እዛ ሱቅ የለም፣ የተከፈለሽ አካውንትሽ ውስጥ ይቀመጣል፣ ዕቁቡንም ከዚያው በየወሩ እናትሽ ይከፍሉልሻል። የአጎትሽ ጉዳይ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ጤነኛ ናቸው ሥራም አላቸው ብለሽ ራስሽ ነው የጻፍሽው። አንቺ ተማሪ ነሽ። ሦስት ወር መላክ ብታቆሚ የሚራብ ሰው የለም፣ የሚቀየም ሊኖር ይችላል፣ ቅያሜና ረሃብ ደግሞ አንድ አይደሉም፣ እናትሽም ይሄን ሸክም ካንቺ ላይ ማውረድ ያለባቸው እሳቸው ናቸው።

ነርሲንጉን አቋርጬ ልሂድ ወይ ላልሽው፣ አታቋርጪ። ግን ልብ በይ፣ ፎል ሴሚስተር የሚጀምረው ኦገስት መጨረሻ ነው፣ ሥራው ሴፕቴምበር አጋማሽ ነው የሚያልቀው፣ ሁለቱ ይጋጫሉ። ገና ፕሮግራሙ ውስጥ ስላልገባሽ የሚወሰድብሽ ቦታ የለም፣ እኔ ብሆን አንዱን ፎል አሳልፌ ጃንዋሪ እመለስ ነበር። የትምህርት ሎን ካለሽ ግን ትምህርት ካቆምሽ ስድስት ወር ሲያልፍ ክፍያው ይጀምራል፣ ከሜይ ከቆጠርሽው ጃንዋሪ ሳይደርስ ማለት ነው፣ ስለዚህ ከጃንዋሪ አታልፊ፣ ከመሄድሽ በፊትም ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሄደሽ በግንባር ተነጋገሪ። በዚያ ክፍተት ደግሞ ከከተማ ርቆ ላለ ሰው የሚሰጠውን የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስ ውሰጂ፣ ወደ 70 ወይ 80 ሰዓት ነው፣ ለጋይድነትም ይጠየቃል ለነርስነትም አይጎዳሽም። ይሄ ሥራ ደሜ ውስጥ ገባ ካልሽ ደግሞ ፌርባንክስ ዩኒቨርሲቲ የዱር እንስሳት ትምህርት አለ፣ እሱን በሚቀጥለው ዓመት እናወራለን።

አክሰንቱን ተይው፣ እኔ ጃፓንና ጀርመን በተሰባበረ እንግሊዝኛ መርቻለሁ፣ ሰው አደጋ ያለበት ቦታ ላይ የሚፈልገው ቀስ ብሎና በግልጽ የሚናገርለትን ነው። ዋናውን ግን ተማሪ፣ አንኮሬጅ ውስጥ መዋኛ አለ፣ ጁን እስኪደርስ ጊዜ አለሽ፣ ጀልባ ላይም ሁሌ ላይፍ ጃኬት።

ለእናትሽ ከመሄድሽ በፊት ቡና አፍልተሽ ብሩክስ ፏፏቴ ላይ ያለውን የድብ ካሜራ ቪዲዮ አሳዪያቸው፣ እዛው ካትማይ ውስጥ ነው፣ ድቡ ፏፏቴው ላይ ቆሞ ሳልመኑ ወደ አፉ ሲዘል ይታያል። ጁላይ ላይ በቀጥታ ይተላለፋል፣ አንቺ ያለሽበትን አገር ባይሆንም ጎረቤቱን እያዩ ይከርማሉ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ጾመኛ ነሽ ብለሻል። ፍልሰታ ኦገስት 7 ነው የሚገባው፣ ምግብ የሚመጣው በአውሮፕላን ስለሆነ ለምግብ አብሳዩ ቀደም ብለሽ ንገሪው። ሽሮና በርበሬ ይዘሽ ሂጂ ግን ድንኳንሽ ውስጥ እንዳታስቀምጪ፣ ሽታ ያለው ነገር በሙሉ ካምፑ ምግብ የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው የሚገባው፣ የፀጉር ቅባትሽም ጭምር።