የእድሩ መተግበሪያ ያልከፈለውን ሰው ለማን ያሳይ?

ጥያቄ፦ ለሰፈራችን እድር ወርሃዊ መዋጮ የሚመዘግብ የስልክ መተግበሪያ እየሠራን ነው። ያልከፈሉ አባላት ስም በቀይ ቀለም ለሁሉም ይታያል። ሽማግሌዎቹ አጠቃቀሙን ወዲያው ቢረዱትም «ይህ ነገር ሰው ያጣላል» አሉን። ምኑን እናስተካክል?
(አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሽማግሌዎቹ ያነሡት ጉዳይ የንድፉን ዋና ነገር የሚመለከት ስለሆነ በቀላሉ እንዳታልፉት አደራ እላለሁ። አንድ መተግበሪያ የአንዱን ሰው ሁኔታ ለሌላው ባሳየ ቁጥር የሁለቱን ግንኙነት ይነካል፤ ስለዚህ የተጠቃሚን ተሞክሮ ስልኩን በያዘው ሰው ምቾት ብቻ መለካት አይበቃም። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2014 መልእክት መነበቡን የሚያሳዩትን ሁለት ሰማያዊ ምልክቶች ሲያመጣ ላኪው የሚፈልገውን መረጃ አገኘ፤ ተቀባዩ ላይ ግን «አንብበህ ለምን ዝም አልክ?» የሚል ወቀሳ መጣበት። ብዙም ሳይቆይ ምልክቱን ማጥፋት ተፈቀደ፤ የራሱን የደበቀ ሰውም የሌላውን እንዳያይ ተደረገ። ይህች ደንብ ሁለቱን ወገኖች በእኩል ዓይን ስለምታይ እጅግ ትክክል ትመስለኛለች።

በእድር ስብሰባ ላይ የውዝፍ ነገር ቢነሣ ባለጉዳዩ መታመሙን ወይም ከሥራ መውጣቱን ተናግሮ ቀን እንዲሰጠው መለመን ይችላል። በእናንተ ገጽ ላይ ግን ስሙ ቀልቶ ይቆያል እንጂ ምክንያቱን የሚያስረዳበት ቦታ የለውም፤ ያዩት ጎረቤቶቹም የመሰላቸውን ይገምታሉ። በሐዘን ቀን ድንኳን ተክሎ ሊያጽናናው የተቋቋመ ማኅበር አባሉን እንዲህ ሊያሸማቅቀው አይገባም።

ስለዚህ ውዝፉን አባሉ ራሱ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ብቻ ይዩት። ጠቅላላው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ ገንዘብ ግን ገንዘቡ የጋራ ነውና ለሁሉም ይታይ፤ በዚህ ላይ ምንም መሸፋፈን አይኑር።

ሌላው መታሰብ ያለበት በሰው እጅ የሚከፍለው ነው። ውጭ አገር ያለች ልጅ ለእናቷ ስትከፍል አባሏ እናትየዋ ስለሆኑ ደረሰኙ በእሳቸው ስም ይውጣ፤ ስማርት ስልክ የሌላቸው አባላትም በጥሬ ገንዘብ የከፈሉበት ቀን እንጂ ጸሐፊው መተግበሪያው ላይ ያስገባበት ቀን እንዳይቆጠርባቸው ተጠንቀቁ። ማሻሻያውንም አንድ በአንድ ለሰዎች ከማሳየት ይልቅ ወደ ወርሃዊው ስብሰባ ወስዳችሁ አባላቱ በተሰበሰቡበት ሞክሩት፤ ከስብሰባው በኋላ ደግሞ መዋጮ የሚከብዳቸውን አባላት ለየብቻ አነጋግሩ፤ በጉባኤ ፊት ችግራቸውን አይናገሩምና።