«እኔ እኮ ሌባ አይደለሁም»

ልጆቼ፣

30 ዓመት በተከላካይ ጠበቃነት ስሠራ፣ በየጣቢያው ጆሮዬ የጠገበው ይህንኑ ነው። አንዱማ የሰው ስልክ ከካልሲው ውስጥ ተገኝቶበት፣ «ጋሼ ሙት፣ እኔ እኮ ሌባ አይደለሁም» አለኝ። ያኔ ሳቄን ዋጥኩ።

ሪቻርድ ራይትና ስኮት ዴከር የተባሉ የወንጀል አጥኚዎች በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ 105 ቤት ሰርሳሪዎችን አነጋግረው፣ ውጤቱን በ1994 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የታሰሩትን ሳይሆን ገና «ሥራ ላይ» ያሉትን ነው የፈለጉት። እኛ ሌባ ቁጭ ብሎ ትርፍና ኪሳራውን የሚያሰላ ይመስለናል። እነሱ ያገኙት ሰው ግን ሲጠጣና ሲዝናና ከርሞ ኪሱ የነጠፈበት፣ ገንዘብ አሁኑኑ የሚፈልግ ነው። የሚገባበትን ቤት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ አይቶታል። የመያዝ ነገር ሲመጣበት ሆን ብሎ ከሐሳቡ ያባርረዋል፤ ካሰበውማ እግሩ አይነሳም።

በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ያሉ እስረኞች ራሳቸውን ከሌላው ሰው ጋር እንዲያወዳድሩ ጠየቀ። በደግነትም፣ በታማኝነትም፣ በለጋስነትም ውጭ ካለው ሰው እንበልጣለን አሉ። ሕግ በማክበር ብቻ «እኩል ነን» አሉ! (ይህን ለአንድ ዳኛ ወዳጄ ስነግረው ቡናው ትን አለው።)

«አትስረቁ» ልላችሁ አልተነሳሁም፤ እሱን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። ግሬሻም ሳይክስና ዴቪድ ማትዛ የተባሉ የሶሺዮሎጂ ምሁራን በ1957 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ ሰበብ ከጥፋቱ ቀድሞ መንገድ ይጠርጋል። «እሱ ምን ይጎድልበታል»፣ «ለዛሬ ብቻ» የሚል ድምፅ ከውስጣችሁ ስትሰሙ እዚያው ቁሙ።

ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። በ24 ዓመቴ የመሥሪያ ቤታችን ዕቁብ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ብሩም እኔ ዘንድ ያድር ነበር። አንድ ዓርብ ከፖስታው 80 ብር አውጥቼ ለጓደኛዬ ሠርግ ጫማ ገዛሁ። ሰረቅኩ አላልኩም፣ «ሰኞ እተካዋለሁ» እንጂ። ፖስታው እንዳይቀደድ እንኳ ተጠንቅቄያለሁ። ሰኞ ሳልተካው ዕጣው ወጣና የጽዳት ሠራተኛ ለሆኑት እናት ደረሳቸው። ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። ሦስተኛውን ጀምረው ተዉትና «ልጄ፣ ዓይኔ ነው መሰል፤ እስቲ አንተ ቁጠርልኝ» ብለው ለእኔ ሰጡኝ።