አከፋፋዩ «ሁሉንም አምጣ» ካለህ አትስጠው

ወንድሜ፣ «የመጀመሪያ ልቦለዴን 2,000 ቅጂ ላሳትም ነው፣ አንድ አከፋፋይ ሁሉንም እኔ ጋ አምጣ ብሎኛል፣ ልስጠው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አትስጠው! እኔ ሰጥቼ አይቻለሁ።

1. መጀመሪያ ቅጂውን ቀንስ። እኔ 1,000 አሳትሜ እንኳ ከአልጋዬ ስር ተርፎ መተኛ አጥቼ ነበር። ማተሚያ ቤት ደግሞ ሒሳቡ በፎርም ነው፣ አንድ ፎርም 16 ገጽ። የእኔ 200 ገጽ ስለነበር 12 ፎርም ተኩል መጣ፣ ለግማሿም እንደ ሙሉ አስከፈሉኝ። ስምንት ገጽ ብቀንስ ኖሮ ይተርፈኝ ነበር። ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ከያዝክ ደግሞ አትዘግይ፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የወረቀት ዋጋ አይታመንም።

2. አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደህ ታወጣለህ። የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ግን ገንዘብ አታፍስ። የእኔ ዘመዶች ቆሎውን በልተው፣ ፎቶ ተነስተው፣ «ለእኔማ በነፃ ነው የምትፈርምልኝ» ብለው ሄዱ።

3. አሁን ወደ አከፋፋዩ። የእኔው ሱቁ ፒያሳ ነበር። ከሽፋኑ ዋጋ 35 ከመቶ ለእኔ ይያዝልኝ አለ፣ እሺ አልኩ፣ 600 ቅጂ በሁለት ላዳ ጭኜ ወሰድኩለት። «የተረከብክበትን ወረቀት» ስለው «በእኛ መሃል ወረቀት ምን ያደርጋል?» አለኝ። አፈርኩ። የተበላሁት እዚህ ጋ ነው። ከዚያማ በየሳምንቱ ምልልስ፤ «ገበያ ቀዝቅዟል»፣ «ጾም ነው»፣ «ከበዓል በኋላ ና»። እንዲያው ጾምና ልቦለድ ምን አገናኛቸው? መጋቢት 2016 ፒያሳ ሲፈርስ ሱቁም አብሮ ተነሳ፣ ስልኩም ዝም። ከወራት በኋላ አራት ኪሎ ፊት ለፊት ገጠምኩት። «መጽሐፍህ ዕቃ ስናነሳ ጠፋ» ብሎኝ እርፍ!

ጠፋ የተባለውን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ሸራ ላይ ተደርድሮ አገኘሁት። የሽፋኑ ዋጋ 300 ብር ነው። የሚሸጠውን ልጅ «ስንት ነው?» አልኩት። «ለአንተ በ120፣ አሪፍ መጽሐፍ ነው፣ ይሄ ካለቀ አታገኘውም» አለኝ። ጀርባው ላይ ያለው ፎቶ የእኔ መሆኑን አላስተዋለም፣ እኔም አልነገርኩትም። ከፍዬ ወሰድኩ። ግን አሪፍ ነው ብሏል እኮ!

አራተኛ ልልህ የነበረውም ከዚሁ ልጅ የመጣ ነው። ቤት የቀሩትን አሥር አሥር አድርጌ በእጅ በእጅ ለእሱና ለጓደኞቹ ሰጠሁ። ሲያልቅ ራሳቸው ይደውላሉ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ቴሌግራም ላይ ለቀቅሁ፣ ሙሉ ፒዲኤፉን ግን ለማንም፣ ለገዛ ወንድሜም አልሰጠሁም። በስድስት ወር አለቀልኝ።

ለአከፋፋዩ ከሰጠኸውም በቁጥር፣ በፊርማና በቀን ይሁን፣ ከ100 በላይም አይሁን። ለማንኛውም የሰውየውን ስም በውስጥ መስመር ላክልኝ። ያው የእኔው እንዳይሆን ፈርቻለሁ።